እስከ ጠዋት ድረስ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። መብራት ጠፍቷል። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ትራስ ላይ አስደግፌዋለሁ። እናቴ በጀርባዋ ተኝታለች። ወደ ጎን ላዞራት እየታገልኩ ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዙላትም። ብብቷ ሥር ገብቼ ስስባት አመማትና አቃሰተች። ለቀቅኋት። እንደገና ሞከርኩ። አንሶላው ረጥቧል፣ መቀየር አለበት። እንዴት አድርጌ እንደምቀይረው ግን አላውቅም። እሷ ታየኛለች። እኔ ደግሞ ፊቷን ላለማየት ግድግዳውን አያለሁ።

እንዲህ ያለ ሌሊት ውስጥ ያላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቱን የሚያስታምም፣ ባሏን የምታስታምም፣ ልጁን ታቅፎ የሚያድር። ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ብዬ የምመኘውን ነገር ልንገራችሁ።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። እናቴ የተወለደችው በ1951 ዓ.ም. ይርጋለም አጠገብ ነው። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በይፋ የተመሠረተችው በዚያው ዓመት ስለሆነ፣ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «እኔና ቤተ ክርስቲያናችን እኩዮች ነን» ትል ነበር። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ ወጣት ነበረች። በየሰው ቤት እየተሰበሰቡ፣ መስኮት ዘግተው፣ በሹክሹክታ ይዘምሩ እንደነበር ስትነግረን አድገናል። አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና እህቴን ገበያ ቆጮና ቅቤ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ደክሞኛል ስትል ሰምቼ አላውቅም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ጀበናው ከእጇ ወደቀ። ከመደብ ተነስቼ ስሮጥ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ልታናግረኝ ስትሞክር ቃሉ እየተያያዘ ቀረ። ስትሮክ ነበር። ደም ግፊት እንዳለባት እናውቅ ነበር። ኪኒኗን ግን «አሁን ደህና ነኝ» ብላ ካቆመች ወራት አልፈው ነበር። እኔም አልጠየቅኋትም። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ዛሬ ጠይቁት። ደህና መሆኑ ከመድኃኒቱ የተነሳ ሊሆን ይችላል። አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር ደግሞ «ትንሽ ትረፍና እናያለን» አትበሉ። እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱ።

አሥራ አንድ ቀን ተኝታ ወጣች። የተጎዳው የአንጎሏ ግራ ክፍል ነው አሉን። ለዚያ ነው የቀኝ ጎኗም ንግግሯም አብረው የተያዙት። ስንወጣ ብዙ ነገር ተነገረኝ። በየ2 ሰዓቱ አገላብጣት፣ አለዚያ ጀርባዋ ይቆስላል። ቀና አድርገህ አብላት፣ አለዚያ ትንታ ወደ ሳንባ ይገባል። እጇንና እግሯን በየቀኑ አንቀሳቅስ። እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። አንዱንም በእጄ ሠርቼው አላውቅም ነበር። እህቴ ቤይሩት ናት። የዳይፐርና የመድኃኒት ገንዘብ ትልካለች፣ ስልክ ላይ ታለቅሳለች። ቤት ያለሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ያስተማርኩት ጥቅስ 2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9 ነበር። «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና።» በደንብ ተዘጋጅቼ፣ ምሳሌ ሰጥቼ፣ ወጣቶቹም «አሜን» ብለው ነው የተበተኑት። ድካም ያልኩት ግን ምን ነበር? ፈተና መፍራት። ሥራ ማጣት። ሰው ፊት ቆሞ መናገር። እኔ ሰባ በመቶውን ስሠራ እግዚአብሔር የቀረውን ሠላሳ እንደሚሞላልኝ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ይህን በቃል አላልኩትም። ልቤ ውስጥ ግን እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ እማዬ አልጋ ላይ ስትውል ሠላሳውን መጠበቅ ጀመርኩ። ሌሊት ስነሳ «ጌታ ሆይ አበርታኝ» እልና ብርታቱ ሰውነቴ ውስጥ ሲገባ እንዲሰማኝ እጠብቃለሁ። አይሰማኝም። ወገቤ ያው ወገቤ ነው። እንቅልፌ ያው ነው። መጸየፉም አልለቀቀኝም። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። የገዛ እናቴን ገላ ማጠብ አሳፍሮኝ ነበር። እሷም አፍራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ወንድ ልጅ እናቱን እንዲህ አድርጎ ሲያስታምም በሰፈራችን አላየሁም። ስለዚህ ጸሎቴ ያልተመለሰው አንድ ጉድለት ቢኖርብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። እምነቴ ቢያንስ ነው። ፍቅሬ ቢያንስ ነው።

ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች አንድ ቃል ይደጋግሙልኝ ነበር። «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም።» በፍቅር ነው የሚሉት። እኔም ለሌላ ሰው ብዬው አውቃለሁ። ሰው ሲወጣ ግን ያ ቃል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይከሰኝ ነበር። ከአቅም በላይ ካልሰጠ፣ ያቃተኝ እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው ማለት ነዋ!

በኋላ ጥቅሱን ፈለግኩት። ሰዎች ያንን የሚወስዱት ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው። እዚያ ጳውሎስ የሚያወራው ስለ ፈተና ነው። እስራኤል በምድረ በዳ ጣዖት ስለማምለካቸውና ስለማጉረምረማቸው ተናግሮ፣ ከኃጢአት ፈተና ማምለጫ መንገድ እንዳለ ይነግራቸዋል። ስለ ሸክም አይደለም። ስለ ሸክም የተናገረውማ በሁለተኛው መልእክት መጀመሪያ ላይ ነው። በእስያ ስለደረሰበት መከራ ሲጽፍ «ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ ከዓቅማችን በላይ ያለ ልክ ከበደን» ይላል። ከዓቅማችን በላይ! ጳውሎስ ነው ይህን ያለው። ምክንያቱንም ቀጥሎ ይናገራል፤ በራሳችን ሳይሆን ሙታንን በሚያነሳው በእግዚአብሔር እንድንታመን ነው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ያቃተው ሰው ሆኜ ሳነበው ግን ሌላ ነበር። አስታማሚ ልትጠይቁ ስትሄዱ «ከአቅም በላይ አይሰጥም» ከምትሉ «ከአቅምህ በላይ ነው፣ እናያለን» በሉ። ከዚያ እጅጌያችሁን ሰብስቡ።

ግን እዚህ የደረስኩት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የጥምቀት ሰሞን የሆነው አለ።

ጥር ገብቷል። ሁለት ወር ሙሉ ሌሊቱን በየ2 ሰዓቱ እየተነሳሁ ቀን ላስተምር እሄዳለሁ። ቀን የምትቆይልን ልጅ በወር የምንከፍላት ነበረች። ማታ እኔ ነኝ። ማንንም ርዳኝ አላልኩም። የቤተ ክርስቲያን እናቶች «ማታ እንምጣ ወይ?» ሲሉ «ደህና ነን፣ ተመስገን» እላለሁ። የእናቴን ገመና ሰው እንዲያይ አልፈለግኩም። ይህን አክብሮት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ግን እኔ እንዳቃተኝ እንዳይታይ ነበር።

በዚያ ሰሞን አንድ ሌሊት አጥሚት ላጠጣት ቀና አደረግኋት። መድኃኒቷን አድቅቄ አጥሚቱ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። አንድ ማንኪያ ወሰደች። ሁለተኛውን ተፋችው። ሦስተኛውን በግራ እጇ መታችውና ጽዋው አልጋው ላይ ተደፋ። ያኔ ጮኽኩባት።

«ምን ላድርግሽ! እኔስ ምን ላድርግሽ!»

በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። አለቀሰች። ስታለቅስ ከፊቷ የሚንቀሳቀሰው ግማሹ ብቻ ነው። ትቻት ወጣሁ። ጓሮ ሮቶው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከሩቅ የጥምቀት መዝሙር ይሰማል። እና አፌን ከፍቼ «አልችልም» አልኩ። «ጌታ ሆይ፣ አልችልም። አቃተኝ።» ደጋገምኩት። ድምፄ ጮክ ብሏል።

ቆይቼ ሳስበው፣ ከዚያ ሌሊት በፊት ይህን ቃል ጸልዬው አላውቅም። «አበርታኝ» ነበር የምለው። «አበርታኝ» ጥሩ ጸሎት ነው። እኔ ስለው ግን ከሥሩ «ልችል ምንም አልቀረኝም፣ ትንሽ ጨምርልኝ» የሚል ነበረበት። «አልችልም» ግን ባዶ እጅ ነው።

ከቆርቆሮ አጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

«ማነው? አንተ ነህ እንዴ ልጄ?»

ጎረቤታችን ናቸው። የኦርቶዶክስ አማኝ ናቸው። ለበዓሉ ዳቦ ሊደፉ አምሽተዋል። ስንት ዓመት በአጥር ተለያይተን ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር ብዙ አላወራንም።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ምን ሆነህ ነው?»

ሌላ ቀን ቢሆን «ምንም» ነበር የምለው። ምላሴ ላይ ነበር። ግን አሁን ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገርኩት ሰውዬ ዋሽቼ መቀጠል አቃተኝ። «እማዬን ማገላበጥ አቅቶኛል፣ እትዬ» አልኩ።

«በሩን ክፈትልኝ» አሉ።

ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። እናቴን አዩ። እኔን አላዩኝም፤ ምንም አልጠየቁኝም። «እሜቴ፣ እኔ ነኝ፣ አይዞሽ» አሏትና ግንባሯን ዳሰሱ። ከዚያ «አንድ ንጹሕ አንሶላ አምጣ» አሉኝ። ባላቸውን ሦስት ዓመት አልጋ ላይ አስታመው ነው የቀበሩት። ያን ሌሊት ነው ያወቅኩት።

ያሳዩኝን ልጻፈው፤ አንድ ሰው ቢጠቅመው ብዬ ነው። አንሶላውን ለሁለት አጥፎ ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ ድረስ ከሥሯ ማንጠፍ። ሁለት ሰው ሲኖር በግራና በቀኝ ቆሞ የአንሶላውን ጠርዝ ጠቅልሎ ወደ ሰውነቷ አስጠግቶ ይዞ መሳብ። ብቻህን ስትሆን ደግሞ በምታዞራት በኩል ቁም። ማዶ ያለውን ጉልበቷን እጠፍላት። አንድ እጅህን ትከሻዋ፣ አንዱን ዳሌዋ ላይ አድርግና ወደ ራስህ አምጣት። ከጀርባዋ ትራስ፣ በጉልበቶቿ መካከል ሌላ ትራስ። የማይሠራውን እጇን ደግሞ ፈጽሞ አትሳብ፣ ብብቷንም ይዘህ አትጎትት፤ ትከሻዋ ይለቃል። ሁለት ወር ሙሉ ሳቃስታት የኖርኩት በዚህ ነበር። በኋላ ስለ አካል እንቅስቃሴ የምትረዳን ባለሙያ ያለችውም ይህንኑ ነው።

«ጉልበት አይደለም እኮ» አሉኝ ሲጨርሱ። «የምትስበው አንሶላውን ነው።»

ሲነጋጋ ትኩስ እንጎቻ ይዘው ተመለሱ። «ብላ» አሉኝ። «ከዚያ ተኛ። እኔ እዚህ ነኝ።» በላሁ። በ1ኛ ነገሥት 19 ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ሲተኛ መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም። ስለ እምነት ማነስም አላስተማረውም። እንጎቻና ውኃ ነው ያመጣለት። «ተነሥና ብላ» አለው። ኤልያስ በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣና አሁንም «ብላ» አለው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ። ያን ጠዋት አራት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ከኅዳር ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ስነሳ እናቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ ጮኽኩብሽ። ይቅር በይኝ» አልኳት። መናገር አትችልም። ግራ እጇን አንስታ ራሴ ላይ አደረገችው። ልጅ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እንዲህ እያደረገች ነበር የምትጸልይልኝ። ረጅም ጊዜ አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ ነው ወንጌላዊያችንን ቤት የጠራኋቸው። ያስተማርኩት ጥቅስ እንደተምታታብኝ ነገርኳቸው። ኃይሉ ይፈጸማል ይላል፣ እኔ ግን ምንም ኃይል አይሰማኝም አልኳቸው። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከፍተው «ቀጣዩን አንብብ» አሉኝ። «እንግዲህ የክርስቶስ ኃይል ያድርብኝ ዘንድ በብዙ ደስታ በድካሜ ልመካ እወዳለሁ።»

«ምን ይላል? ይጨመርልኝ ነው የሚለው?» አሉኝ።

«ያድርብኝ።»

ጳውሎስ የተጠቀመበት የግሪኩ ቃል ድንኳን ተክሎ ማደርን የሚያሳይ ነው አሉኝ። ኃይሉ ከጳውሎስ ጡንቻ ጋር የሚደመር ነገር አይደለም። በደከመው ሰው ላይ መጥቶ ድንኳኑን ይተክላል። ጳውሎስም ያ የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኗል። አልተወሰደለትም። የተባለው «ይበቃሃል» ነው።

እኔን የያዘኝ ግን የኛው ቃል ነው። ማደር። እኔ እኮ የማድር ሰው ነኝ! እናቴ አልጋ ሥር ነጠላ ፍራሽ አንጥፌ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ። ብቻዬን የማድር ይመስለኝ ነበር። ሌላ ያደረ አለ ማለት ነው። እሱ ማደሩን የማውቀው ግን ወገቤ ስለቀለለኝ አይደለም። ሌሊቱ ስላለፈ ነው። እናቴ ስላልቆሰለች ነው። የተፋችውን መድኃኒት ሁለተኛ ስሰጣት ስለዋጠችው ነው። ኃይል ሲመጣ ኃይል እንደሚመስል አድርጌ ስጠብቅ ኖሬ አጠገቤ ያለውን አላየሁትም ነበር።

ሌላም ነገር አየሁ። ዘፀአት 17 ላይ ከአማሌቅ ጋር ውጊያ ሲሆን የሙሴ እጆች ይዝላሉ። እግዚአብሔር የሙሴን ክንድ ማበርታት አያቅተውም። ያደረገው ግን እንደዚያ አይደለም። ድንጋይ አምጥተው ሥሩ አኖሩለት፣ ተቀመጠ። አሮንና ሖር በዚህና በዚያ ሆነው እጆቹን ያዙ። እስከ ፀሐይ መግቢያ። ሙሴ እስከ መጨረሻው እጁ የዛለ ሰው ነው። ድሉ ግን መጣ። እኔ «ደህና ነን፣ ተመስገን» እያልኩ አሮንና ሖርን ከበር ስመልስ ነበር የከረምኩት።

ስለዚህ ለቤተ ክርስቲያን እናቶች ደወልኩ። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አለ። «እርዱኝ» ብቻ ብትሉ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ትንሹን ነገር በስሙ ጥሩት። «ማክሰኞ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አንድ ሰው ቢቀመጥልኝ እተኛለሁ።» «ዓርብ ገላዋን የምታጥብልኝ ሴት እፈልጋለሁ፣ እማዬ ከእኔ ይልቅ በሴት እጅ ትረጋጋለች።» እንዲህ ስል በአንድ ቀን ተገኘ። ገላዋን በሴቶች እጅ ስትታጠብ ፊቷ ተፈታ። ገመናዋን እየጠበቅሁ ያልኩት እኔ ስንት ጊዜ አሳፍሬያት ኖሯል! የትምህርት ቤቴ ርእሰ መምህርም ሁኔታውን ስነግራቸው የጠዋት የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬን ወደ ኋላ ገፉልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያልጠየቅሁት ነገር ነው።

ዓርብ ከሚመጡት እናቶች ጋር የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። መጋቢት ውስጥ ነው። ገላዋን አጥበው፣ ፀጉሯን ቅቤ ቀብተው፣ ሊጸልዩ ተቀመጡና አንድ የድሮ መዝሙር በሲዳምኛ ጀመሩ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። አንድ ድምፅ ተጨመረ። ሮጬ ገባሁ። እናቴ ናት። አራት ወር «እ» ከማለት በቀር ቃል ያልወጣት ሴት ቃሉን ከነዜማው ትዘምራለች! ጥርት አድርጋ። ሁለተኛውን አንቀጽ ሁሉ። ሴቶቹ እያለቀሱ ቀጠሉ። መዝሙሩ ሲያልቅ ልታናግረኝ አፏን ከፈተች፣ ቃሉ ግን አልመጣም።

ባለሙያዋን ስጠይቃት እንደዚህ እንደሚሆን ነገረችኝ። ግራው ክፍል ተጎድቶ መናገር የማይችሉ ብዙ ሰዎች ድሮ የሚያውቁትን ዜማ መዘመር ይችላሉ። ዜማ ላይ ቀኙ የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው። በዜማ እያደረጉ ቃል የማስለመድ ሕክምናም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒት ስሰጣት እየዘመርን ነው። «ውኃ» የሚለውን ቃል በዜማ እንላለን። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ ሞክሩት። ተአምር ነው ወይስ የአንጎል አሠራር ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አንጎሏን የሠራው ማን ሆነና ነው? ያኔ በደርግ ጊዜ በሹክሹክታ ያስቀመጠችው መዝሙር ሁሉ የወደቀው ግድግዳ ሳይነካው ማዶ ተቀምጦ ቆይቷታል።

ስለ ፈውስ ጸልየናል። አሁንም እንጸልያለን። ያልዳነችው ስላላመናችሁ ነው ያሉን ሰዎች ነበሩ። ያንን ለአስታማሚ አትበሉ፤ እለምናችኋለሁ። ሌላው ይቅርና ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወሰደለትም።

ጸሎቴ ግን ተለውጧል። ድሮ ሌሊት የምታገለው ከዚያ ሌሊት ጋር ብቻ አልነበረም። ዓመት ቢቆይስ? አምስት ዓመት ቢሆንስ? ሥራዬስ? ትዳርስ? የአምስት ዓመቱን ሸክም በአንድ ሌሊት ጉልበት ላነሳ ስሞክር ነበር። ለእስራኤል በምድረ በዳ መና ሲወርድ ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር የሚባል መስፈሪያ ነበር የሚሰበሰበው። ለነገ ያስቀመጡት ተላ፣ ሸተተ። ብርታትም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት። የሚቀጥለውን ወር ብርታት ዛሬ ብፈልገው አላገኘውም። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስነሳ «እስከ ጠዋት ድረስ የሚበቃኝን ስጠኝ» ነው የምለው። ከጠዋት ወዲያ ያለውን አልጠይቅም። አንዳንድ ሌሊት ጠዋት እንኳ ሩቅ ይሆናል። ያኔ «ይህን አንሶላ እስክቀይር ድረስ» እላለሁ። ይህ ትንሽ ጸሎት አይምሰላችሁ። እኔን ያቆመኝ እሱ ነው።

አሁንም የሚያቅተኝ ቀን አለ። ባለፈው ወር ደክሞኝ ማንቂያውን ሳልሰማ ተኝቼ አድሬ ዳሌዋ ላይ ቀልቶ አገኘሁት። ቀኑን ሙሉ ራሴን ስከስስ ዋልኩ። ማታ ግን ለእትዬ ነገርኳቸው። አዩትና «ገና አልቆሰለም፣ በዚያ ጎኗ ለጥቂት ቀን አታስተኛት» አሉኝ። ድሮ ቢሆን ደብቄው በቆሰለ ነበር።

እማዬ ዛሬ በምርኩዝና በእኔ ክንድ እስከ በሩ ትሄዳለች። ቀኝ እጇ ግን አልተመለሰም። ከቃላት ደግሞ «ውኃ»፣ «ልጄ»፣ «ተመስገን» አሏት፤ የቀረውን ትዘምረዋለች። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወሰድኳት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከዓሣ ሻጮቹ ኋላ ተሰልፈው ቆመዋል። ታቦር ተራራ ከወዲህ ይታያል። ነፋሱ ፊቷን ሲነካው ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች። ባጃጅ ነጂው ልጅ ሳልጠይቀው ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀን።

ቤታችን ጠዋት ጠዋት አንድ ድምፅ አይቀርም። 12 ሰዓት ላይ ከቆርቆሮው ማዶ ነው የሚመጣው።

«እንዴት አደራችሁ?»

ድሮ በችኮላ ነበር የምመልሰው። አሁን አንሶላውን እያጣጠፍኩ፣ እማዬም ከአልጋዋ «ተመስገን» እያለች፣ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ።

«አድረናል እትዬ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ አድረናል።»